ምላስሽን አሳዪኝ

ሰኞ፣ ጥር 19

በሩ ድረስ እንኳ አላስደረሰችኝም። ዓለሚቱ ከእንሰቱ መሃል ብቅ አለችና መንገድ ላይ አስቆመችኝ። መጀመሪያ ያለችኝም "ጃንጥላሽን ዝጊው" ነው። በዚህ በቦኖሻ ፀሐይ! ዘጋሁት። አገሩ የሚያውቀኝ በዚህች ሰማያዊ ጃንጥላ ነው። እዚህ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሆንኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነኝ፣ ብዙነሽ ብሎ የሚጠራኝ ግን የለም። ትልቁ "ሲስተር" ይለኛል፣ ትንሹ "ጃንጥላዋ"።

"ሲስተር፣ እባክሽ ለጊዜው ቤት አትምጪብን" አለች። ለትዕግስት ሽማግሌ ተልኮላታል። ልጁ ሾኔ የሚያስተምር መምህር ነው፣ ቤተሰቡም የተከበረ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ በርቶ ነበር። እኔም ደስ አለኝ። ትዕግስት የመጀመሪያ ልጇ ናት፣ ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቃ ምደባ እየጠበቀች ነው።

ከዚያ ነገሩ ገባኝ። ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ ሰው ይጠይቃል። ዘር ይጠይቃል፣ ጠባይ ይጠይቃል፣ በሽታም ይጠይቃል። ዓለሚቱ ደግሞ ቃልኪዳን አለቻት። ቃልኪዳን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የሚጥል በሽታ አለባት። የሚጥላት ሌሊትና ንጋት ላይ ስለነበር ትምህርት ቤት እንኳ አላወቁም። የምናውቀው እናቷ፣ አባቷ ኤርሲዶ፣ ትዕግስትና ጤና ኬላ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ግራ እጇ ላይ ያለውን ጠባሳ "ሙቅ ውኃ ነው" ይላሉ፤ እሳት ላይ ወድቃ ነው። እኔ በየሳምንቱ የምገባው ደግሞ "ለሽንት ቤት ጉዳይ" ነው። የሥራ ባልደረባዬ ዘይነባ፣ በዞኑ ውስጥ እንደ ኤርሲዶ ሽንት ቤት ቁጥጥር የበዛበት የለም እያለች ትስቅብኛለች።

ክኒኑን እዚያው መንገድ ላይ ሰጠኋት። ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው። ቃልኪዳንን አላየኋትም።

እሱ ነው የከነከነኝ። በየማታው የምትሰጣት እናቷ ናት። እኔ በሄድኩ ቀን ግን ፊቴ ትውጣለች። "ምላስሽን አሳዪኝ" እላታለሁ፣ ምላሷን እስከ አገጯ ታወጣና ዓይኗን ታጉረጠርጥብኛለች። "አየሁት" ካላልኳት አትመልሰውም። አንዴ ከዘይነባ ጋር ወሬ ይዤ ረሳኋት፤ ዞር ስል ምላሷን አውጥታ ቆማ እንባዋ እየወረደ ነው፣ ግን አልመለሰችውም። ስወጣ "ቻው ወይዘሮ ክኒን" ትለኛለች።

በክትባት ዘመቻው ምክንያት ሁለት ሳምንት አልሄድኩም፣ ዛሬም አላየኋት። ግን አምስት ወር ሙሉ አልጣላትም። ለሷ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እሱን እያሰብኩ ራሴን አጽናናሁ።

ጫማዬ ተቀዷል። ነገ ይሰፋ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ጫማው አልተሰፋም። ሽማግሌዎቹ ጤና ኬላ መጡ።

አንደኛውን አላውቀውም፣ የሾኔ ሰው ነው። ሁለተኛው ጋሽ ሱላሞ ናቸው። የዚሁ ቀበሌ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። የሾኔዎቹ አገሩን ስለማያውቁ እሳቸውን ይዘው ነው የሚጠይቁት። ጋሽ ሱላሞን አከብራቸዋለሁ። እናቶች ልጆቻቸውን አናስከትብም ባሉበት ጊዜ ጉባኤ ፊት ቆመው የተናገሩልኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ባይናገሩ ኖሮ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ሄጄ ነበር።

ስለ ዝናብ መጥፋት አወሩ፣ ስለ በቆሎ አወሩ። ከዚያ ጋሽ ሱላሞ ከአማርኛው ወጥተው በሀዲይሳ ጠየቁኝ። ከበድ ያለ ነገር ሲሆን እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። በኤርሲዶ ቤት የማውቀው በሽታ አለ ወይ?

"ጋሽ ሱላሞ፣ እኔ የሰው ቤት አላወራም" አልኩ።

"መልካም ነው" አሉ። ትንሽ ጊዜ ጫማቸውን ሲያዩ ቆዩና ተነሡ። እኔ ኮራሁ። እውነቱን ለመናገር ደረቴን ነፋሁ።

ሲወጡ ዘይነባ የመርፌ ማስወገጃ ካርቶኑን እያጠፈች ዞር አለችብኝ። ባለፈው ወር ስለ ሌላ ቤት መጥተው ሲጠይቁ እሷ ነበረች የመለሰችው። "ንጹህ ቤት ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ እመሰክራለሁ" ብላ ሸኝታቸዋለች። "ለዚያኛው ቤት ንጹህ ተባለ፣ ለዚህኛው ዝም ተባለ። ዝም ስትያቸው ነገርሻቸው" አለች።

"ታዲያ ልዋሽ ነበር?"

"ለወረዳ በየወሩ ሪፖርት ስትሞዪ ምን እያደረግሽ ነው?"

ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ትክክል ናት። አፌን ዘግቼ ቤታቸውን ከፍቼ አሳየሁ። ምን ማለት ነበረብኝ? እስካሁን እያሰብኩት ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 21

ዓለሚቱ የተከራየሁት ክፍል ድረስ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

"ቤቴን አፈረስሽው" አለች። ሽማግሌዎቹ ከኛ ወጥተው ጎረቤቷ ዘንድ ገብተዋል። የጠየቁት ስለ ትዕግስት አይደለም፣ "ትንሿ ልጅ እንዴት ናት?" ነው ያሉት። ከዚያ ወዲያ ኤርሲዶ እንቅልፍ አልወሰደውም። ቅዳሜ መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ። ስለዚህ ቃልኪዳን ዶዮገና አክስቷ ጋ ትሂድ ብሎ ወስኗል። የግማሽ ዓመት ዕረፍት ስለሆነ ሰው አይጠረጥርም። ሁሉ ነገር እስኪያልቅ እዚያ ትቆያለች።

"ክኒኑስ?" አልኩ።

"ይዛለች" አለች፣ ግድግዳውን እያየች።

ያኔ መናገር የሌለብኝን ተናገርኩ። "አንዷን ልጅሽን ደብቀሽ ሌላዋን ልትድሪ ነው?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ ልጅ የለሽም" አለችኝና ወጣች።

የለኝም። እውነቷን ነው። ስለጎዳኝ ነው የጻፍኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ሄድኩ። አትምጪ የተባልኩበት ቤት፣ ጃንጥላዬን ዘግቼ፣ በጓሮ በኩል በእንሰቱ ውስጥ እንደ ሌባ ሄድኩ። ሴቶች ለደቦ ተሰብስበው እንሰት እየፋቁ ነበር፤ ለቅዳሜው እንግዳ መሆኑ ነው። ዓለሚቱ አይታኝ እጇን ሳትታጠብ ወደ ቤት አስገባችኝ።

ቃልኪዳን የለችም። ትናንት ጠዋት ሄዳለች። ዓለሚቱ እኔ ጋ ስትመጣ ልጅቷ መኪና ላይ ነበረች ማለት ነው።

"ክኒኑን አሳዪኝ" አልኩ።

"ይዛለች አልኩሽ እኮ።"

"ዓለሚቱ።"

ከቅቤው ዕቃ ጀርባ እጇን ሰዳ አወጣችው። የሰኞው እሽግ እንደታሰረ ነው። ከሱ ሥር ደግሞ ያለፈው እሽግ አለ፣ እሱም ያልተነካ። ሁለት ሳምንት አልፏል። መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

ቀስ ብላ ነገረችኝ። ክኒኑ ያንቀላፋታል፤ ይሄንን አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ የነገርኳት። የሽማግሌው ወሬ ከመጣ ወዲህ ቤቱ እንግዳ አላጣም። በጠራራ ፀሐይ ልጅቷ እንግዳ ፊት ስታንቀላፋ ሰው ምን ይላል? ለጥቂት ቀን ልተው ብላ ተወችው። ልጅቷ ነቃች፣ ሳቀች፣ ሮጠች። አልጣላትም። "ድናለች መሰለኝ" አለች። አክስቷም በሽታውን አታውቅም። የኤርሲዶ እህት ናት፣ ወሬ አያድርባትም ይላሉ። እና ለሷ እንዴት ተብሎ ክኒን ይላካል?

ጮኽኩ። ውጭ ሴቶች እንዳሉ ትዝ ሲለኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጮኽኩ። ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ካለመጀመሩ ይብሳል። በሽታው ተመልሶ ሲመጣ አንዴ ጥሎ የሚተው ላይሆን ይችላል፣ ላይቆም ይችላል። እዚሁ መደብ ላይ ተቀምጬ ስንቴ ነግሬያታለሁ!

"አውቃለሁ" አለች። "ግን ትዕግስትስ? አንዷ ስለታመመች ሁለቱም ይቅሩ?"

በእጇ የያዘቻቸውን ክኒኖች ቆጠርኩ።

ኤርሲዶ ገባ። ቁጡ ሰው አይደለም፤ ልጁን ሆስፒታል በጀርባው አዝሎ የወሰደ አባት ነው። የእህቱን ስልክ ቁጥር ስጠኝ አልኩት። በሩ ላይ ቆመ። "ባለፈው ዝም ብለሽ አጠፋሽን። አሁን ደግሞ ተናግረሽ ልታጠፊን ነው?" አለኝ።

ያለ ቁጥር ወጣሁ።

ዓርብ፣ ጥር 23

ጠዋት ያሰብኳቸው ነገሮች፦ ዶዮገና ራሴ ልሂድ፤ ቤቱን አላውቀውም። ለወረዳው ልናገር፤ ወረዳው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ደብዳቤው ሲደርስ ሠርጉም አልፏል። ጋሽ ሱላሞን ልለምን፤ እሳቸውን ስለ ቃልኪዳን መለመን ማለት መንገር ማለት ነው። ዘይነባ "አንዱን ምረጪ" አለችኝ። መምረጥ ለሷ ቀላል ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ትዕግስት መጣች። ፀጉሯን አዲስ ተሠርታለች፣ አምሮባታል። የመጣችው ለጋብቻ የሚጠየቀውን የደም ምርመራ የት እንደሚሠሩ ልትጠይቀኝ ነው። እያየኋት አላስቻለኝም። "ቃልኪዳን ክኒን ሳትይዝ እንደሄደች ታውቂያለሽ?" አልኳት።

አታውቅም። እናቷ ለአክስቷ በደንብ ነግራ እንደላከቻት ነው የምታውቀው። ከመቼ ጀምሮ እንዳልወሰደች ስነግራት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሁለቱ እህትማማቾች አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት። ልጅቷ ሲጥላት በጎኗ የምታስተኛት፣ ምራቋን የምትጠርግላት፣ እስክትነቃ ስሟን የምትጠራት ትዕግስት ናት። "ከሄደች ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አልጋው ሰፋኝ" አለችኝ።

አክስቷ ጋ ደወለች። ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ዝግ።

"ነገ እሄዳለሁ" አለች።

"ነገ እኮ ሽማግሌዎቹ..."

"አውቃለሁ ሲስተር። ለኔ አይደል የሚመጡት?"

ሂጂ አላልኳትም፣ ቅሪም አላልኳትም። ያልኳት የታወቀውን ነው። ከጣላት አፏ ውስጥ ምንም እንዳታስገቢ፣ በጎኗ አስተኚያት፣ ቶሎ ካልቆመ ደግሞ ሳትጠብቂ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጪ። ክኒኑ ከቅቤው ዕቃ ጀርባ ነው አልኳት። ስትወጣ ደስ አለኝ፣ ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርኩ። የሰው ሠርግ እያፈረስኩ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ጎህ ሲቀድ ሄደች። እስከ ሆሳዕና በሞተር፣ ከዚያ ወደ ዶዮገና በሚኒባስ።

ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎቹ በጤና ኬላው ፊት አለፉ። ነጫጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ጋሽ ሱላሞ ከፊት ናቸው። ወደኔ አልዞሩም። ምን እንደተባለ ማምሻውን በዘይነባ በኩል ሰማሁ። ቤት ገብተው፣ ጸሎት ተደርጎ፣ ልጅቷ ትምጣና ሰላም ትበል ሲባል ትዕግስት የለችም። ኤርሲዶ ምን ይበል? "ራሷን አሟት ተኝታለች" አላቸው።

በሽታ ሊያጣሩ የመጡ ሰዎች ስለ ጤነኛዋ በሽታ ሰምተው ሄዱ። ዘይነባ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔ አልቻልኩም። ሽማግሌዎቹ ወተት ጠጥተው "ሲሻላት እንመለሳለን" ብለው ተነሥተዋል፤ እንደዚህ የሚል ሰው ይመለስ አይመለስ አላውቅም።

የትዕግስት ስልክ አይሠራም። የዶዮገና ኔትወርክ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። አንዱን ሸሚዝ ሁለቴ አጠብኩት።

እሁድ፣ ጥር 25

ሆሳዕና ሆስፒታል ግቢ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ጸሎት ላይ ስልኬ ነዘረ። ወጣሁ። ትዕግስት ናት። ትናንት ከሆሳዕና መኪና አጥታ ዶዮገና የደረሰችው ሊመሽ ሲል ነው። ቃልኪዳን ደህና ነበረች። ከአክስቷ ልጆች ጋር ስትጫወት አገኘቻት፣ ሮጣ ተጠመጠመችባት። ትዕግስት ክኒኑን አውጥታ በአክስቷ ፊት ሰጠቻት፣ ሁሉንም ነገረቻት። አክስቷ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "የኔስ ልጅ አይደለችም? ለምን ሳትነግሩኝ?" ወሬ አያድርባትም የተባለችው ሴት!

ግን የአንድ ማታ ክኒን ምን ያደርጋል። ሊነጋ ሲል ጣላት። ቆመ ሲሉ እንደገና። እንደገና። በመሃሉ አልነቃችም። ጤና ጣቢያ ወሰዷት፣ ከዚያ አምቡላንስ።

"ሲስተር፣ አልቆም አለ" አለችኝ ትዕግስት።

ተመልሼ ገባሁ። ሴቶቹ በተቀመጡበት በኩል ሄጄ የዓለሚቱን ትከሻ ነካሁ። ምንም ሳልናገር ገባት። ጩኸቷን በነጠላዋ አፈነችው፣ ግን ሰው ሁሉ ዞረ። ኤርሲዶ ከወንዶቹ በኩል እየተደናቀፈ መጣ። ከፊት ወንበር ጋሽ ሱላሞ አዩን። ሦስታችን አብረን ወጣን፤ ከእንግዲህ ምን ይደበቃል።

ሰኞ፣ ጥር 26

በመርፌ ቆሟል። ቃልኪዳን ተኝታለች። ብትጠራ አትሰማም፣ ብትቆነጠጥ በትንሹ ብቻ ትንቀሳቀሳለች። አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አለ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ደክሟታል። ካርዱን አይታ "መድኃኒቱን ማን አቋረጠው?" አለች። ዓለሚቱ የልጅቷን ጠባሳ እጅ እያሻሸች ነው። በመጨረሻ ኤርሲዶ "ሠርጉ" አላት። ዶክተሯ አልገባትም። እኔ ገባኝ።

ትዕግስት ዓርብ ዕለት ወዲያው ብነሣ ትላለች። እኔ ሰኞ ዕለት መንገድ ላይ እምቢ ብዬ ቤት ብገባ እላለሁ። ዓለሚቱ ምንም አትልም። ከሰዓት ላይ ብቻ፣ አጠገቧ ስቀመጥ፣ "ምላሷን ነክሳዋለች፣ አይተሽዋል?" አለችኝ።

አላየሁትም ነበር። አየሁት።

ግቢ ወጥቼ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ አለቀስኩ። የሆስፒታሉ ሠራተኛ መስዬያት ይሆናል፣ አንዲት አስታማሚ መጥታ መጸዳጃ ቤት የት ነው ብላ ጠየቀችኝ። አሳየኋት።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ትናንት ዓይኗን ገለጠች። አምላክ ይመስገን። ግን አትናገርም። እናቷን አየች፣ ትዕግስትን አየች፣ ጣሪያውን አየች፤ ሦስቱንም እኩል ነው ያየቻቸው። ዶክተሯ "ሊመለስ ይችላል፣ ጊዜ ስጧት" አለች። ላይመለስም ይችላል ወይ ብዬ ስጠይቃት "ይችላል" አለች። አልዋሸችኝም።

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ቀበሌው ሁሉ ያውቃል። ከሾኔ በኩል ምንም የለም፤ ልጁ ደጋግሞ ደውሏል አሉ፣ ትዕግስት ስልኩን አታነሣም። መንገድ ላይ አንዱ ያዝንልኛል፣ ሌላው ፊቱን ያዞርብኛል። የኤርሲዶን ሽንት ቤት የሚጠይቀኝ ግን የለም።

ጫማዬን አሰፋሁ። ይኼውና አንድ የተሳካ ነገር።

ዓርብ፣ ጥር 30

ልንዘጋ ስንል ጋሽ ሱላሞ መጡ። በፊት ለፊቱ በር አልገቡም፣ በጓሮ ዞሩ። ዘይነባ አይታቸው "አሁን ደግሞ የማንን ቤት ሊጠይቁ ነው?" አለች፣ እንዲሰሙ አድርጋ። እኔም ቁጣዬ አናቴ ላይ ወጣ። መቀመጫ አልሰጠኋቸውም።

ጋቢያቸው ከወትሮው ወፍሮብኝ ነበር። ገለጥ ሲያደርጉት ጀርባቸው ላይ ልጅ አለች። ስድስት ዓመት ይሆናታል፣ ግንባሯ ላይ አሮጌም አዲስም ጠባሳ አለ። የልጃቸው ልጅ ናት። ያንን ቤት እንደ ራሴ ቤት ነው የማውቀው፣ ወተት ጠጥቼበታለሁ። ይህቺ ልጅ ግን ሆሳዕና እናቷ ዘንድ ናት ነው የተባልኩት። እዚያው ቤት ውስጥ ነበረች። እኔ ስመጣ ጓዳ ትገባለች።

"ይጥላታል" አሉ። "እንደዚያኛዋ ነው።"

መጀመሪያ የወጣኝ ቃል ጥሩ አልነበረም። "እርስዎ ይሄን በቤትዎ ይዘው ነው የኤርሲዶን ቤት የጠየቁኝ?" አልኳቸው።

"የሚጠይቅ ሰው ቤት ማንም አይጠይቅም" አሉ። አንገታቸውን አልደፉም፣ ቀጥ ብለው ነው የተናገሩት። እንባቸው ግን በጺማቸው ላይ ወረደ። ሾኔዎቹ ይሄንን የማጣራት ሥራ ሲለምኗቸው እሺ ያሉትም ለዚሁ ነበር፣ ጠያቂ ከሆኑ ማንም ወደሳቸው ቤት እንደማያይ ያውቃሉ። ለሾኔዎቹ ምን እንደሚሉ ገና አላወቁም። "መጀመሪያ እዚህ ልምጣ ብዬ ነው" አሉኝ።

ይቅር ብያቸው እንደሆነ አላውቅም። ያን ማክሰኞ አፋቸውን ቢከፍቱ ኖሮ እያልኩ ነው ልጅቷን የመረመርኩት። ልጅቷ ግን ምን አጠፋች። ጣቶቼን ይዛ አልለቅም አለች። ሰኞ ቦኖሻ ጤና ጣቢያ አብሬያቸው እሄዳለሁ። በዋናው መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የምንሄደው አልኳቸው። እሺ አሉ።

ዘይነባ ለልጅቷ ብስኩት ሰጠቻት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ቃልኪዳን ትናንት ወደ ቤት ተመልሳለች። ዛሬ ሄድኩ። ጃንጥላዬን ዘርግቼ በፊት ለፊት ገባሁ። ማንም አላስቆመኝም። ኤርሲዶ አጥሩን እየጠገነ ነበር፣ ተነሥቶ በሩን ያዘልኝ። እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ።

ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገድ የሚያልፍ ሁሉ በሚያየው ቦታ ጂባ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላለች። እዚያ ያስቀመጠቻት ትዕግስት ናት። ሽማግሌዎቹ እንደገና ይመጣሉ የሚል ወሬ አለ፤ ጋሽ ሱላሞ ሾኔ ድረስ ሄደው የራሳቸውንም የኤርሲዶንም ቤት ተናግረዋል አሉ። "ቢመጡ ቃልኪዳን አጠገቤ ትቀመጣለች። ባይመጡም ትቀመጣለች" አለችኝ ትዕግስት። ይምጡ አይምጡ ማንም አያውቅም።

ቃልኪዳን ከስታለች። ቀኝ እጇ ዕቃ ሲይዝ ይለቃል። እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልወጣትም። አጠገቧ ስቀመጥ አየችኝ፣ ማን እንደሆንኩ ግን አላወቀችም። እንደ ማንኛውም መንገደኛ ነው ያየችኝ። "ወይዘሮ ክኒን ነኝ" አልኳት። ምንም።

ዓለሚቱ ውኃ አመጣች። ክኒኑን አፏ ውስጥ አደረግኩላት። ውኃው ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ፣ ግን ዋጠች። ምላስሽን አሳዪኝ ለማለት አልደፈርኩም። ካልገባትስ ብዬ ፈራሁ። ዞር ብዬ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ዓለሚቱ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

ዞርኩ። ቃልኪዳን ምላሷን አውጥታለች። እስከ አገጯ፣ እንደ ድሮው። የንክሻው ምልክት ገና አልጠፋም። ዓይኖቿ እኔ ላይ ናቸው። አትንቀሳቀስም፣ አትመልሰውም፣ ትጠብቃለች።

ዕቃዬን ጥዬ ፊቷ ተንበረከክኩ።

"አየሁት" አልኳት።